ውሻና ደጃፍ በዘንገና አካባቢ

የዘንገናን ሐይቅ ዙሪያና ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ የተዘረጋውን አገር የሚይዘው የአገው ሕዝብ በፈረሱ የታወቀ ነው። ግቢውን ከሌባና ከጅብ ስለሚጠብቅለት ውሻ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ሆኖም ውሻ እንዴት እንደሚያድግና ጠባዩ እንዴት እንደሚታወቅ መመርመር፥ የሰውን ሕይወት እስከ መንካት የሚደርስ የታሪክ ጉዳይ ነው።

ስለ ውሻ ጠባይ የቀደሙት ሰዎች የነበራቸው ዕውቀት በተረትና ምሳሌ ተጠብቆ ይገኛል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል ታማኝነቱ ምግብ ካገኘበት ቦታ ጋር የተያያዘ መሆኑ ይገለጣል፤ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ሲባል ደግሞ አጥር አላፊነቱ የሚያመጣው ጥፋት ይነገራል። ሁለቱም ውሻን የሚያውቁት ከቦታው ጋር ነው።

የባላገሩም አስተዳደግ ይህንኑ የሚከተል ነው። የቡችላው ስፍራ ደጅ ነው፤ ትራፊው በደጅ ይጣልለታል፤ ወደ ምድጃው ሲጠጋም በቍጣ ይባረራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ የሚከለክለው ሥርዓትም ይህን ልማድ ያጸናዋል። ስለዚህ ውሻን እቤት ውስጥ የሚያሳድረው ሰው የሚቸገርበት የመጸዳዳት ትምህርት በባላገሩ ዘንድ ጥያቄ ሆኖ አልተነሣም። ቡችላ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ከመኝታው ወጥቶ መጸዳዳት የሚጀምር ፍጥረት ነውና፥ ደጅ ያደገው ያለ አስተማሪ ይለምደዋል።

ይሁን እንጂ ደጃፍ ብቻውን አያስተምርም። ስኮትና ፉለር የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ቡችላ ከሰው ጋር የሚላመድበት ዋና ዘመን ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት መሆኑን አስረድተዋል። በዚህ ጊዜ የሰው እጅ ያልነካው ውሻ፥ የጌታውን ግቢ ቢጠብቅም መያዝን ይፈራል።

የዚህ ጕድለት ዋጋ የሚታየው በእብድ ውሻ በሽታ ታሪክ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንደሚታወቀው፥ በ1884 እ.ኤ.አ. በሽታው በጎጃም፥ በበጌምድር፥ በትግራይና በወሎ ተነሥቶ ነበር። ፓስተር በፓሪስ የመጀመሪያውን ሕፃን የከተበው በተከታዩ ዓመት ነው። በነሐሴ 1903 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሽታው በአዲስ አበባ ተነሣ። ሕዝቡ መድኃኒት የሚፈልገው ከብሳና፥ ከእንዶድና ከጠበል ነበር። በሽታውንም የሚለየው የውሻው ጠባይ ሲገለበጥ አይቶ ነው፤ በበላበት ይጮኽ የነበረው ጌታውን ይነክሳል፥ ግቢውን ትቶም ይባዝናል።

ይህ ምልክት ከታየ በኋላ ለውሻው የሚደረግ ሕክምና የለም፤ መከላከያው አስቀድሞ መክተብ ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተበ በሽታው መተላለፉን እንደሚያቆም የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ነገር ግን ለመከተብ ውሻው መያዝ አለበት፤ በቍጣ ብቻ ያደገውም ክትባት ሰጪውን ሲያይ ይሸሻል። ስለዚህ የአባቶች የደጃፍ ሥርዓት ይጠበቅ፤ ቡችላው ግን በእነዚያ ጥቂት ሳምንቶች የሰው እጅ ይልመድ። ቤቱን የሚጠብቀው ውሻ ቤቱን እንዳያጠፋ የሚያደርገው ይህ ነው።