ረዳቲቱ እጅና መዛኞቿ

በምኵራብ ስለ ተገኘውና እጁ ስለ ሰለለችው ሰው ሦስት ወንጌላውያን ጽፈዋል፤ ማቴዎስና ማርቆስ የእጁን መስለል ብቻ ተናግረው ሲያልፉ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ባለመድኃኒት ብሎ የጠራው ሉቃስ ግን የሰለለችው ቀኝ እጁ እንደ ነበረች ለይቶ አመልክቶናል። ይህች አንዲት ቃል ለሐኪም ብዙ ትናገራለች፤ የሰለለችው የትኛይቱ እጅ እንደ ሆነች የሚጠይቅ ሰው፣ ድውዩ በምን ይቈርስ፣ በምን ይዘራ እንደ ነበረ ለመጠየቅ የሚቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነውና። አንጎላቸው በማኅፀን ሳሉ፣ በልደት ጊዜ ወይም በሕፃንነታቸው ወራት በመጎዳቱ ጡንቻቸው ለፈቃዳቸው አልታዘዝ ያላቸውን፣ ዛሬ ሴሬብራል ፓልሲ አለባቸው የምንላቸውን ሕፃናት ሲመረምር ግን፣ የሕክምና ጥበብ ያችን አንዲት እርምጃ ለመራመድ ከመቶ ዓመት የበለጠ ጊዜ ወስዶበታል።

ነገሩ የሚጀምረው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) በለንደኑ ሐኪም በዊልያም ጆን ሊትል ነው። ሊትል በ1810 ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ የልጅነት ልምሻ ስለ ያዘው አንድ እግሩ ቈልማማ ሆኖ ቀረ፤ ሕክምና ከተማረ በኋላም ፈውስ ፍለጋ ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ፣ በ1836 በሐኖቨር ከተማ ሽትሮማየር የተባለው ቀዳጅ ሐኪም የተረከዙን ጅማት ቈርጦ እግሩን ስላቀናለት፣ ያንኑ ጥበብ ተምሮ ወደ አገሩ በመመለስ እንደ እርሱ ላሉ ድውያን ሆስፒታል አቆመ። የሌላውን አካል ጉድለት በትዕግሥት ለመመልከት የበቃው፣ በገዛ አካሉ ስላወቀው ይመስለኛል። በ1861 በለንደን የማዋለድ ሐኪሞች ማኅበር ፊት ባነበበው ጽሑፍ፣ የምጥ መክበድ፣ ያለ ጊዜ መወለድና ሕፃኑ ሲወለድ ትንፋሽ ማጣቱ የእጅና የእግርን መገተር እንደሚያስከትሉ አስረዳ፤ ከዚያም ወዲህ ደዌው ለብዙ ዘመን የሊትል ሕመም ሲባል ኖረ። የእጅን ነገር ሲያነሣም የክርኑን መታጠፍ፣ የአንጓውን መዞርና የጣቶቹን አለመታዘዝ ልብ ብሎ ገልጿል፤ ሕፃኑ በዚያች እጅ ምን ይሠራ እንደ ነበረ የሚለካበት መሣሪያ ግን አላበጀም። አልፈርድበትም፤ የዘመኑ መድኃኒት ምላጭ ነበረና፣ ምላጭ የያዘ ሰው ዓይን የሚያርፈው በጅማትና በመገጣጠሚያ ላይ ነው።

ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ያተኰሩት በአንጎል ላይ ነበር። ዊልያም ኦስለር በ1889 ስለ 151 ሕሙማን የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ፤ በኋላ በሌላ ጥበብ ስሙ የገነነው የቪየናው ሲግመንድ ፍሮይድም በ1897 ባወጣው ትልቅ መጽሐፍ፣ ምጡ የከበደው ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ አስቀድሞ በመጎዳቱ ሊሆን እንደሚችል በመጠቈም የሊትልን ሐሳብ ተከራከረ።

መለኪያዎች የበዙት በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ ላይ ነው። አሽዎርዝ በ1964 ለሌላ የነርቭ ሕመም ብሎ ያወጣውና በኋላ ለእነዚህም ሕፃናት ያገለገለው መለኪያ፣ መርማሪው ክንዱን ይዞ ሲያንቀሳቅሰው ጡንቻው ምን ያህል እንደሚገትር ከ0 እስከ 4 ይቈጥራል፤ ሕመምተኛው ራሱ የሚያደርገው አንዳች የለም። ጄብሰንና ባልደረቦቹ በ1969 ያወጡት ደግሞ ሰባት ሥራዎችን፣ መጻፍን፣ ካርድ መገልበጥን፣ ባቄላ በማንኪያ ማንሣትንና ይህን የመሰለውን ሁሉ በአንዲት እጅ እያሠራ በሰዓት ይለካል። ይህ ከፊተኛው ይሻላል፤ ሆኖም አንድ ጎኑ የደከመ ልጅ ደካማይቱን እጅ ለብቻዋ እንዲያሠራ የሚያዝዘው ከመርማሪው በቀር ማን ነው?

ጥያቄውን ወደ ቦታው የመለሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ በ1981 አሜሪካዊው የእጅ ቀዳጅ ሐኪም ሃውስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ዘጠኝ ደረጃ ነው። ታችኛው ደረጃ 0፣ እጂቱ ፈጽሞ የማትሠራበት፣ ላይኛው 8፣ ያለ አንዳች ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ የምትሠራበት ሲሆን፣ በመካከል ያሉት እጂቱ ሌላይቱን እንዴት እንደምትረዳ፣ የተሰጣትን ብቻ ትይዝ እንደ ሆነ ወይም ራሷ ጨብጣ ታጸና እንደ ሆነ ይለያሉ። ደካማይቱ እጅ ከጤነኛይቱ ጋር የምትወዳደር ባላንጣ መሆኗ ቀርቶ ረዳት ተብላ የተቈጠረችው በዚህ ነው። በ1992 ከካናዳ፣ በ1999 ከሜልቦርን የወጡት መመዘኛዎች የእንቅስቃሴን ጥራት በመለየት ብዙ ጠቅመዋል፤ ግን ሁለቱም ልጁ ታዝዞ ማድረግ የሚችለውን እንጂ ሳይታዘዝ የሚያደርገውን አይጠይቁም። በምርመራ ክፍል እጁን ዘርግቶ ኩብ የሚያነሣ ልጅ፣ እቤቱ ሲገባ ያችኑ እጅ በጎኑ አጥፎ በሌላይቱ ብቻ ሊጫወት ይችላል።

ይህን የተረዱት ክሩምሊንዴ ሱንድሆልምና ኤሊያሶን የተባሉ ሁለት የስቶክሆልም ሴቶች በ2003 የረዳት እጅ ምዘና ያሉትን አወጡ። መዛኙ ልጁን አያዝዘውም፤ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ያጫውተዋል እንጂ። አሻንጉሊቶቹ ግን በብልሃት የተመረጡ ናቸው፤ ክዳኑን ለመክፈት አንዲቱ እጅ ሣጥኑን ማጽናት፣ ሁለተኛይቱ መሳብ ይኖርባታል። ልጁ በጨዋታው ተመስጦ ሳለ ካሜራ ይቀርጸዋል፤ በኋላ መዛኙ ፊልሙን እያየ፣ በመጀመሪያው እትም 22 ለነበሩት ነገሮች ለእያንዳንዳቸው ከአራት ደረጃ አንዱን ይሰጣል፤ ድምሩም የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ ራሽ ባወጣው ስልት ወደ እውነተኛ መስፈሪያ ይለወጣል። ልጅን በጨዋታው መካከል መመዘን ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ክብር ያለበት ምዘና ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ኤሊያሶንና ባልደረቦቿ ከ4 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች አምስት ደረጃዎች ደነገጉ፤ አንደኛው ዕቃን በቀላሉ ለሚይዝ፣ አምስተኛው ዕቃ መያዝ ለማይችል ልጅ ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ሰው መርማሪው ሳይሆን ልጁን የሚያውቀው ወላጅ ነው፤ የሚጠየቀውም ልጁ በዕድሜው የሚገባውን ዕቃ በየዕለቱ በሁለት እጆቹ እንዴት እንደሚይዝ ነው። በአንድ መሶብ በቀኝ እጅ በምንበላ በእኛ ዘንድ ቀኙ የደከመበት ልጅ በግራው ሲቈርስ ምን እንደሚሰማው የሚመልስ ቍጥር ባይኖርም፣ እናቲቱን የሚጠይቅ መዛኝ ያን ሊሰማ ይችላል።

በ2017 የወጣው የስዊድኖቹ መመዘኛ ደግሞ ከ3 እስከ 12 ወር ወዳሉት ጨቅሎች ወርዷል። መዛኙ አሻንጉሊት በሕፃኑ ፊት ያቀርብና ዝም ብሎ ይመለከታል፤ የቀኟንና የግራይቱን ነጥብ በየራሷ ይጽፋል።