ኤስትሮጅንና አንጎል፤ የአንድ ተስፋ ታሪክ

አንድ መድኃኒት በቤተ ሙከራ ያሳየው በጎ ውጤት በሕሙማን ዘንድ ሳይደገም ሲቀር፣ ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ የሕክምና ባለሙያ ግዴታ ነው። አንጎልን ደም በማጣት ከሚደርስበት ጉዳት ይጠብቃል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት የኤስትሮጅን ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል።

ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት ከእንቁላል ዕጢ የሚመነጨው ይህ ሆርሞን መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1923 በሙከራ አስረዱ። በ1929 ደግሞ ዶይዚ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡተናንት በጀርመን፣ በየፊናቸው ኤስትሮን የተባለውን ዓይነት አጣርተው አወጡ። ከዚያ በኋላ ሆርሞኑ ለብዙ ዓመታት በይበልጥ ከመራቢያ አካላት ጋር ብቻ ተያይዞ ሲታይ ኖረ።

በ1990ዎቹ ግን አዲስ ነገር ታየ። ተመራማሪዎች የአይጦችን መካከለኛ የአንጎል ደም ቅዳ በዘጉ ጊዜ፣ በእንስቶቹ አንጎል ውስጥ የሞተው ክፍል ከተባዕቶቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የእንቁላል ዕጢያቸው ሲወጣ ይህ ብልጫ ጠፋ፤ ኤስትራዲዮል ሲሰጣቸው ተመለሰ። ሆርሞኑ የደም ሥሮችን እንደሚያላላ፣ የሕብረ ሕዋስን መቆጣት እንደሚቀንስና ሕዋሳትን ከሞት የሚከላከሉ ፕሮቲኖችን እንደሚያበዛም ታወቀ።

ተስፋው በሕሙማን ላይ ሲፈተን ግን ውጤቱ ሌላ ሆነ። በ2001 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ ምልክቱ የደረሰባቸውን 664 ያረጡ ሴቶች ተከታትሎ፣ ኤስትራዲዮል በሽታው እንዳይመለስ አለማድረጉን አረጋገጠ፤ እንዲያውም በስትሮክ የሞቱት መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል በዙ። ከዚያ እጅግ የሰፋው የሴቶች ጤና ጥናት ኤስትሮጅንን ከፕሮጄስቲን ጋር መስጠቱን በ2002፣ ለብቻው መስጠቱን በ2004 አቋረጠ። በሁለቱም ክፍል የስትሮክ አደጋ 40 በመቶ ያህል ጨምሮ ነበር፤ ይህም በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል በፊተኛው 8፣ በኋለኛው 12 ተጨማሪ ሕሙማን ማለት ነው።

ታዲያ የአይጦቹ ሙከራ ሐሰት ነበርን? አልነበረም። በቤተ ሙከራ የተለካው፣ ደም ቅዳው ከተዘጋ በኋላ አንጎል ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው፤ በሴቶቹ የተለካው ደግሞ በመጀመሪያ ነገር ስትሮክ መድረሱና አለመድረሱ ነው። በአፍ የሚወሰድ ኤስትሮጅን የደምን የመርጋት ዝንባሌ ስለሚጨምር፣ አንዱ ጥቅም ሌላውን ጉዳት አያስቀርም። ዕድሜም ሌላ ልዩነት ነበር፤ አይጦቹ በአብዛኛው ወጣቶች ሲሆኑ፣ በሰፊው ጥናት የተካፈሉት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት ያህል ነበር። በ2007 የታተመ ሙከራም፣ ዕጢያቸው ከወጣ ከ10 ሳምንት በኋላ ኤስትራዲዮል የተሰጣቸው አይጦች ጥበቃውን እንዳላገኙ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ሕክምናውን ፈጥኖ መጀመር የሴቶችን አንጎል ከስትሮክ ጉዳት እንደሚያድን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም።

ስለዚህ ኤስትሮጅን ዛሬ የሚታዘዘው በተለይ ማረጥ የሚያስከትላቸውን ችግሮች ለማቃለል እንጂ ስትሮክን ለመከላከል አይደለም። በቤተ ሙከራ የተገኘውን እውነት ለሕሙማን ከማዋሉ በፊት፣ ያ እውነት የትኛውን ጥያቄ እንደ መለሰ ለይቶ ማወቅ ከባለሙያው ይጠበቃል።