«ፕላው ስሩ»፦ ከእርሻ ወደ ቢሮ የገባው ማረሻ

የእንግሊዝኛ ግስ ከኋላው አንዲት ትንሽ ቃል ስትከተለው ትርጉሙ ከመሠረቱ ሊለወጥ እንደሚችል የታወቀ ነው። «ፕላው» ብቻውን ሲሆን ማረስ ማለት ነው። እንግሊዞች በስድስት፣ አሜሪካውያን በአራት ፊደላት ይጽፉታል፤ አነባበቡ ግን አንድ ነው። «ስሩ» ሲጨመርበት ረጅምና አሰልቺ የሆነን ሥራ እንደ ምንም ገፍቶ መጨረስ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ንባብ ነው፤ ስለ ሪፖርት፣ ስለ ውል፣ ስለ መዝገብ ክምር። የተትረፈረፈ ምግብን ታግሎ ለመጨረስም ያገለግላል።

ምስሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሬዎቹን የጠመደ ገበሬ መሬቱ ጠነከረ ብሎ ትልሙን ከመሀል አያቋርጥም። በአማርኛ «ሲዳክር ዋለ» የሚለው አነጋገር ይቀርበዋል፤ ይሁን እንጂ የሚዳክር ሰው ከነበረበት ፈቀቅ ላይል ይችላል። «ፕላው ስሩ» ግን ቢያታክትም ወደፊት መሄድ አለበት። ለምሳሌ ያህል፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን 3367 አንቀጾች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ የሕግ ተማሪ ይህን ግስ ቢጠቀም ማንም አይፈርድበትም።

በሰዋስው ረገድ «ፕላው ስሩ» አይከፈልም። ፋይሉም ሆነ ፋይሉን የሚተካው ተውላጠ ስም ከ«ስሩ» በኋላ ይመጣል እንጂ በሁለቱ ቃላት መካከል አይገባም። በአንጻሩ ትርፍን መልሶ ሥራ ላይ ማዋል የሚል ትርጉም ያለው «ፕላው ባክ» ይከፈላል፤ ትርፉ በመካከል ሊገባ ይችላል፣ ተውላጠ ስም ከሆነ ደግሞ የግድ መካከል ላይ ይቀመጣል።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ከሰዋስው በላይ ነው። ይህ ግስ ስለ አንባቢው ትጋት ብቻ ሳይሆን ስለተነበበው ጽሑፍም ይመሰክራል። አለቃዎ ያዘጋጁትን ሪፖርት አንብበው «ፕላው ስሩ አድርጌዋለሁ» ብለው ቢጽፉላቸው፣ ትጋትዎን የገለጹ ቢመስልዎትም ሪፖርቱ አሰልቺ ነበር ማለትዎ ነው። ለደንበኛ የሚጻፍ ከሆነም ሌላ ጉድለት አለው። ጨረሰው እንጂ በጥንቃቄ መረመረው አይልም። ለጠበቃና ለሒሳብ መርማሪ ደግሞ የሚያስከፍላቸው ይኸው ጥንቃቄ ነው። በጥሞና አነበብኩት የሚለው ተራ አገላለጽ ይሻላል።

ሁለተኛው ትርጉም ከሥራ መድከም ጋር ግንኙነት የለውም። መኪና አጥር ጥሶ ሲያልፍም እንግሊዝኛው «ፕላው ስሩ» ይላል፤ ከአንድ ነገር ጋር በኃይል ሲጋጭ ደግሞ «ፕላው ኢንቱ» ይባላል። እዚህ ላይ የተርጓሚ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል። ቃሉ የሚናገረው ስለ ግጭቱ ኃይል ነው፤ አሽከርካሪው ምን አስቦ እንደነበር አይናገርም። «ሆን ብሎ ገጨ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ምስክሩ ያላለውን ይጨምራል፤ «ነካ» የሚል ደግሞ ያለውን ይቀንሳል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 58 ስለ አሳብ፣ አንቀጽ 59 ስለ ቸልተኝነት የሚደነግጉ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የብዙ ዓመታት እስራት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጥሶ አለፈ» ወይም «በኃይል ተጋጨ» ብሎ መተርጎም፣ የቀረውን ለማስረጃውና ለዳኛው መተው ይገባል።

በአጭሩ፣ አንባቢ ይህን ግስ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚታረሰውን ነገር ይመልከት። ወረቀት ከሆነ ድካም ነው፤ አጥር ወይም ሰው ከሆነ አደጋ ነው። ራሱ ሲጽፍ ደግሞ ስለ ገዛ ድካሙ ቢጠቀምበት ያምርለታል፤ ስለ ሌላ ሰው ጽሑፍ ከሆነ ግን ባለቤቱ እንደሚያነበው አይርሳ።