ስለ ውድ የእጅ ሰዓቶች ቀለበት፤ ከወርቅ እስከ ሴራሚክ

የእጅ ሰዓትን መስታወት ዙሪያውን ከቦ የሚይዘው ቀለበት በውጭ አገር አጠራር ቤዝል ይባላል። ሰው ሰዓት ሲገዛ የሚመለከተው የፋብሪካውን ስም ነው፤ ይህን ቀለበት ግን እንደ ጌጥ ቈጥሮ ያልፈዋል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ቀለበቱ የሚሠራበት ነገር ከዘመን ወደ ዘመን ለምን እንደ ተለወጠ መመርመር ነው፤ ደግሞም ለታሪክ ተማሪ ከእነዚህ ነገሮች የትኛው አብዝቶ እንደሚመሰክር ማየት ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በእኛ አገር ታሪክ ውስጥ ስሙ የታወቀው ውድ ሰዓት የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 አሜሪካንና አውሮጳን ሲጐበኙ ስዊስ አገርም ደርሰው ነበር፤ ሰዓቱም ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃዋን መልክ ያለ ማስተካከያ ለብዙ ዓመታት የሚቈጥር ረቂቅ መኪና አለው። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ጥበብ ጳጉሜን የምትባል ወር መኖርዋን አያውቅም!

የሰዓቱ አካል እንደ ቀለበቱ ሁሉ ወርቅ ነው። በስዊስ ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ባለ 18 ካራት ወርቅ ከ1000 እጅ 750 እጁ ንጹሕ ወርቅ ሲሆን የቀረው ብርና መዳብ የመሳሰለው ነው። ይህ የሚደባለቀው ለጥንካሬ ነው፤ ንጹሕ ወርቅ በጣም ለስላሳ ነውና። ከተደባለቀም በኋላ ቢሆን ወርቅ በቀላሉ ይጫራል፣ ጠርዙ ይዶለዱማል። ለነጋዴ ይህ ጕድለት ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን የወርቅ ቀለበት እንደ መዝገብ ነው። ሰዓቱ በሣጥን ተቀምጦ እንደ ኖረ ወይም በየቀኑ እንደ ታሰረ፣ ስንት ጊዜም ወደ ወርቅ ሠሪ ሄዶ እንደ ተወለወለ ከጠርዙ ስለት ይታወቃል። ይህም ነገር ከንቱ ምርመራ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ዕቃ ብዙው ተበታትኗል። ከላይ የተጠቀሰው ሰዓት በ2017 በጄኔቭ ለክሪስቲስ ጨረታ ቀርቦ ሳለ፣ የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣበት ከሽያጩ ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ከወረቀት ማስረጃ ቀጥሎ የሚመረመረው ዕቃው ራሱ ነው። ሳያስቡ የወለወሉት ወርቅ ደግሞ የምስክሩን ቃል አብሮ ይዞት ይሄዳል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ገርጂ ጎረቤት ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያመጣናል። የልደታው ሜዳ ለጀት አውሮፕላን ስላልበቃ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ቦይንግ 720ቢ የተባሉትን ጀቶች አስገባ። ገርጂ በዚያን ጊዜ ገና ከከተማው ውጭ የነበረ የእርሻ አገር ነበር። በዚሁ ዘመን ቀለበቱ ከጌጥነት ወደ ሥራ ዕቃነት ተሸጋገረ። ብላንፔን በ1953 ለጠላቂዎች ባወጣው ሰዓት የሚዞር ቀለበት ተጠቀመ። ሮሌክስ ደግሞ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለፓን አሜሪካን አብራሪዎች የሚሆን ጂኤምቲ ማስተር የተባለውን ሰዓት አወጣ። በቀለበቱ ላይ 24 ሰዓት ተጽፎበታል፤ አንድ ተጨማሪ ዘንግም በቀን አንድ ጊዜ ይዞራል።

የእነዚህ ሰዓቶች የመጀመሪያ ቀለበት ፊት ባክላይት ነበር። ባክላይት ያምራል፣ ከሥሩም የተጻፈው ቍጥር ያበራል፤ ነገር ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሮሌክስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትቶት ቀለም በተነከረ አሉሚንየም ተካው። አሉሚንየም አይሰነጠቅም፤ ፀሐይ ግን ቀለሙን ትበላዋለች፤ ቀዩ ወደ ሐምራዊ፣ ጥቁሩ ወደ አመድማ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የጂኤምቲ ማስተር ቀለበት ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ ሲሆን፣ ቀዩ ከፈረንጅ 6 እስከ 18 ሰዓት ያለውን ቀን ያሳያል። ይህ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ከሚቈጠረው ከእኛ ቀን ጋር አንድ ነው። የስዊስ ፋብሪካ ሳያውቀው የሐበሻን ቀን በቀለም አሰመረ ማለት ነው። ሆኖም ቀለበቱን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ ብናዞረው በፈረንጅ 9 ላይ የቆመው ዘንግ 3 ያሳየናል፤ ቍጥሩ የእኛ ይሆናል፣ ቀለሙ ግን ከቀን ወደ እኩለ ሌሊት ይንሸራተታል። ቍጥሩን ስናገኝ ቀለሙን እናጣለን።

ስለ ጥንካሬ ከሆነ ንጽጽሩ ግልጽ ነው። በቪከርስ መለኪያ ባለ 18 ካራት ወርቅ ወደ 150፣ የሰዓት ብረት ወደ 200 ይደርሳል። በገርጂ መንገድ ከግንባታ አሸዋ ጋር የሚበነው የኳርትዝ ቅንጣት ግን ከ1000 በላይ ነው። ስለዚህ እጁን በጨርቅ ያበሰ ሰው ወርቁንም ብረቱንም በማያየው አሸዋ ይፍቀዋል። ይህን የተረዳው ራዶ በ1962 ዲያስታር የተባለውን ሰዓት እጅግ ጠንካራ ከሆነ የተንግስተን ውሕድ ሠራ። ሮሌክስም በ2005 ዚርኮኒያ የተባለውን ሴራሚክ በቀለበት ላይ አዋለ፤ ይህም ወደ 1200 ይደርሳል። ብላንፔን ከዚያ በፊት በ2003 የሰንፔር መስታወት ወስዶ ነበር፤ እርሱ 2000 ገደማ ነው።

የሴራሚክ አሠራር ለሸክላ ሠሪዎቻችን እንግዳ አይደለም። ዱቄቱ ቅርጽ ይይዛል፣ በብርቱ እሳት ይተኰሳል፣ ሲተኰስም ይኰማተራል፤ መጠኑን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። አስቸጋሪው ቀዩ ቀለም ነበር፤ ሮሌክስ ቀይና ሰማያዊ በአንድ ቀለበት ላይ አዋሕዶ ያወጣው በ2014 ነው። ይህ ቀለበት ፀሐይ አይለውጠውም፣ አሸዋ አይጭረውም። ከድንጋይ ላይ ቢወድቅ ግን እንደ ወርቅ አይጐድጕድም፤ እንደ ጀበና ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ሙሉውን መለወጥ ግድ ነው።

በእኔ አስተያየት ለዕለት ሥራ ሴራሚኩ ይበልጣል፤ በአቧራ መካከል የሚውል ሰው ወርቅ የሚያስርበት ምክንያት አይታየኝም። ለምርምር ግን ሴራሚክ ድዳ ምስክር ነው፤ ሠላሳ ዓመት የታሰረውና ትናንት የተገዛው አንድ ይመስላሉና። ፋብሪካዎች ሰዓት ሲያድሱ ቀለሙ የለቀቀውን አሉሚንየም አንሥተው በአዲስ የመተካት ልማድ ነበራቸው፤ አሮጌውም ብዙ ጊዜ ይጣል ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች ያን የደበዘዘውን ቀለበት ከአዲሱ አስበልጠው ይገዙታል።