ላስቲክ ውኃ አይደለም

ቦብ ኪፑት ራሱ የውድድር ዋናተኛ አልነበረም። ወደ አሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ የገባው በሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪነት ነው። ሆኖም የዋና ቡድኑን ይዞ እስከ 1959 እ.ኤ.አ. ድረስ 528 ግጥሚያ አሸነፈ፤ የተሸነፈው 12 ብቻ ነው። (አዎ፣ አሥራ ሁለት።) ልጆቹን ገንዳ ውስጥ ከመክተቱ በፊት በየብስ ላይ ላብ በላብ ያደርጋቸው ነበር፦ ጂምናስቲክ፣ ከባድ ኳስ መወራወር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ክብደት በገመድ መጎተት።

በዘመኑ ይሄ ነገር ለብዙ አሠልጣኝ አይዋጥለትም። ክብደት የሚያነሳ ዋናተኛ ጡንቻው ይተሳሰራል፣ ትከሻው ይደርቃል ተብሎ ይታመን ነበር። 1948 ለንደን ኦሊምፒክ ላይ ኪፑት ያሠለጠናቸው አሜሪካውያን ወንዶች የዋናውን ስድስት ወርቅ ጠራርገው ወሰዱ። ለዚያ ፍርሃት ከዚህ የተሻለ መልስ አይታየኝም።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ጄምስ ካውንስልማን ነው፤ ዋናተኞቹ «ዶክ» የሚሉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ በኋላ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን ቡድን ከ1968 እስከ 1973 በተከታታይ ስድስት ጊዜ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን አድርጎታል። በ1972 ሙኒክ ላይ ሰባት ወርቅ የወሰደው ማርክ ስፒትዝ የእሱ ልጅ ነው። ካውንስልማን ጥንካሬ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብሎ አልቆመም። እጅ ውኃ ውስጥ የሚገጥመው ኃይል ምን ዓይነት ነው ብሎ ጠየቀ። በ1960ዎቹ መጨረሻ «ኢሶኪኔቲክ» የተባለውን ልምምድ ወደ ዋና ያመጣው ለዚህ ነው፦ መሣሪያው ፍጥነቱን ይገድባል፣ በበረታችሁ ልክ ይመልስላችኋል።

የምኖረው ኮድ ጽፌ ነው፤ የተማርኩት ግን ምህንድስና ስለሆነ ይሄን ነገር ሳላሰላው ማለፍ አልቻልኩም። ሮበርት ሁክ በ1678 ስለ ሞላ ያሳተመውን ሕግ አስታውሱ፦ ኃይሉ የሚወሰነው በመለጠጡ ርቀት ነው። ላስቲክ ሕጉን እንደ ሞላ በትክክል አያከብርም፤ ቢሆንም በለጠጣችሁት ቁጥር ይከብዳል። በጎማ ወንጭፍ ያደገ ሰው ይሄን በእጁ ያውቀዋል። ውኃ ግን የሚያየው ፍጥነትን ነው። እጃችሁን በእጥፍ ብታፈጥኑት ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ካቆማችሁት ደግሞ ይጠፋል። ላስቲኩን ቀስ ብላችሁ ብትጎትቱትም ይከብዳል፣ ብትቆሙም ወደ ኋላ ይስባችኋል። ስለዚህ አንድ ዋናተኛ ላስቲክ ላይ ጀግና ሆኖ ገንዳ ውስጥ ሰዓቱ ንቅንቅ ላይል ይችላል።

ታዲያ ላስቲኩን እንወርውረው? በፍጹም! በ1974 ኬኔዲና ሆኪንስ የተባሉ ሐኪሞች «የዋናተኛ ትከሻ» ብለው የሰየሙት ሕመም አለ። ተወዳዳሪ ዋናተኛ በሳምንት በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ክንዱን ያሽከረክራል። የሚጎትቱት የደረትና የጀርባ ትልልቅ ጡንቻዎች እየፈረጠሙ ሲሄዱ፣ ትከሻን ከኋላ ይዘው የሚያረጋጉት ትንንሾቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። እነሱን ለማጠንከር ፍጥነት አያስፈልግም፤ ቀላል፣ ቀስ ያለ ተቃውሞ ይበቃል። ክርንን ጎን ላይ ለጥፎ የፊት ክንድን ወደ ውጭ መክፈት፣ ከዚያ ላስቲኩ ሲመልሰው ቀስ ብሎ መከተል። ያ የመመለስ ጠባዩ እዚህ ጋ ጥቅም ነው።

ከውድድር በፊት የገንዳው ዳር ላይ ዓይናችሁን ጣል ብታደርጉ፣ ላስቲክ ብረት ላይ አስረው፣ ክርናቸውን ጎናቸው ላይ አጣብቀው እጃቸውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ዋናተኞች ታያላችሁ። እንቅስቃሴው ዋና አይመስልም።