ስልኩ በእጁ ነበር፤ ግን «ተጠቅሞበታል»?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2017፣ ምዕራብ ለንደን። አንድ ሾፌር ከባድ የመኪና አደጋ በደረሰበት ቦታ ሲያልፍ ሞባይሉን አነሳና እየነዳ ለ10 ወይም ለ15 ሰከንድ ያህል በቪዲዮ ቀረጸ። ፖሊስ ስላየው ተከሰሰ፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም ጥፋተኛ ነህ አለው። ይግባኝ ጠየቀና ነጻ ወጣ። ዓቃቤ ሕግ በተራው ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ጁላይ 2019 ላይ ግን ተረታ።

ቆይ፣ እንዴት? ፍርድ ቤቱ እኮ አልቀረጸም አላለም!

መልሱ ያለው ዲሴምበር 1 ቀን 2003 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ ውስጥ ነው። ደንቡ ሾፌር እየነዳ በእጁ በያዘው ሞባይል ወይም በመሰል መሣሪያ እንዳይጠቀም ይከለክላል። መሰል መሣሪያ ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ግን መረጃ እየላከና እየተቀበለ የሚያገናኝ ነው ይላል። ዳኞቹ ይህንን ይዘው፣ የተከለከለው ስልኩን ለግንኙነት መጠቀም ነው ብለው ወሰኑ። መደወል፣ መልእክት መላክ፣ ኢንተርኔት መክፈት ክልክል ነው። ቪዲዮስ? ምስሉ ከሌንሱ ወደ ሴንሰሩ፣ ከሴንሰሩ ወደ ሜሞሪው ይሄዳል። ከስልኩ የሚወጣም ሆነ ወደ ስልኩ የሚመጣ ነገር የለም።

የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ይሄ ነገር ያስቀኛልም፣ ያናድደኛልም። የተፈራው የሾፌሩ ዓይንና ሐሳብ ከመንገዱ መውጣቱ ነበር፤ የተጻፈው ግን ስለ ማሽኑ ሥራ ነው። በ2003 ልዩነቱ ብዙም አይታይም ነበር። ካሜራ ያላቸው ሞባይሎች ቢኖሩም ስልክ በዋናነት መደወያና ቴክስት መላኪያ ነበር፤ የመጀመሪያው አይፎን እንኳ የወጣው በ2007 ነው።

ዳኞቹ እየነዳችሁ ቅረጹ አላሉም። በግዴለሽነት ወይም በአደገኛ ሁኔታ በመንዳት መክሰስ ይቻላል ብለዋል። ለዚያ ክስ ግን አነዳዱ ራሱ ጉድለት እንደነበረበት ማስረዳት ያስፈልጋል። በሞባይሉ ክስ ስልኩን መጠቀሙ ከተረጋገጠ ይበቃል፤ ቅጣቱም ከ2017 ጀምሮ 200 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ 2 ዓመት ያልሞላው ሰው 6 ነጥብ ከተያዘበት ፈቃዱን ይነጠቃል።

ማስተካከያው ማርች 25 ቀን 2022 መጣ። አሁን በእጅ ይዞ ስክሪን ማብራት፣ ሰዓት ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ሎክ መክፈት ሁሉ «መጠቀም» ነው፤ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም። ቀይ መብራት ላይ መቆምም አያድንም። ጥቂት ነገሮች ተፈቅደዋል፤ ለምሳሌ መኪናው ቆሞ ሳለ በመስኮት ለሚቀበሉት ምግብ በስልክ መክፈል። በርገር ያልተረሳበት ሕግ ነው!

አንድ ነገር ግን ሳይነካ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ግጭት የደረሰባቸውን 699 ባለሞባይል ሾፌሮች የስልክ ሂሳብ መዝገብ አጥንተው ነበር። ስልክ በሚያወሩበት ጊዜ የመጋጨት ዕድላቸው 4 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስልኩን በእጅ ሳይነኩ ማውራትም የተሻለ ደህንነት አላሳየም። የብሪታንያ ፓርላማ የትራንስፖርት ኮሚቴ በ2019 ክልከላው ይህንንም እንዲጨምር ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ መንግሥት አልተቀበለውም። ዛሬም እዚያ አገር ስልኩን ሳይዙ እያወሩ መንዳት በራሱ ወንጀል አይደለም።