የፎገራን ላም ፍለጋ

ዘንድሮ ከማስተማሩ ጎን ከብት ማርባት ጀምሬያለሁ። በአንዲት ጊደር ነው፣ ተማሪዎቼ አትሳቁ። «የፎገራ ዝርያ ካልሆነ» ብዬ ሁለት ገበያ ተመላለስኩ። አንድ ሽማግሌ «መምህር፣ ላሟኮ ከሜዳዋ ጋር ሄደች» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በርብና በጉማራ ዙሪያ ያለው ሜዳ ክረምት ውሃ ይተኛበት ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ነው የሚቀረው። ቡራቡሬዋ፣ ቀንደ አጭሯ፣ ረግረጉንና ዝንቡን የቻለችው፣ የአገራችንን ስም ያስጠራችው ላም ከዚሁ ሣር ላይ የተገኘች ናት። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ አስጀመሩ። ሩዝ ደግሞ ውሃ የተኛበትን መሬት ይወዳል። ግጦሹ ታረሰ፤ በተረፈው ላይ አሜኬላ በቀለበት። ዝርያውን ለማቆየት በአንዳሳ ምርምር ማዕከልና በመተከል ማራቢያ ሲደከም ቆይቷል።

ሩዝን አልወቅስም። እኔን ለዲፕሎማ ያበቃኝ የአባቴ ሩዝ ነው። ጊደሬም ድቅል ሆና ነው የተገኘችው፤ የምትበላው የሩዝ ገለባ ነው። በመጪው ዓመት ለጥቃት ትደርሳለች። ደህና የፎገራ ኮርማ ያለው ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።